ስም ያልወጣለት ኮርድ

የሙዚቃ ትምህርት ቤቱ የፈተና ኮሚቴ የሕዝብን ጆሮ ካልታወቀ ድምፅ ለመጠበቅ የከፈለውን መሥዋዕትነት ሳልመሰክር ብቀር ግፍ ይሆንብኛል። ዕድሜ ይስጣቸው!

ዕለቱ የልጅ ልጄ የመመረቂያ ፈተና ነበር። ካለፈች እዚያው በአስተማሪነት ትቀጠራለች፤ ከወደቀች ቦታው ለሌላ ነው። እኔ ብርድ እንዳይመታት ሹራቧን ታቅፌ ከኋላ ተቀምጫለሁ። ጥያቄው፣ «ከእንግዳ ስኬል ማንም የማያውቀውን ኮርድ ሠርተሽ አሰሚ» ይላል። እሷ እንዳስረዳችኝ ስኬል የድምፅ መሰላል ነው፤ ከመሰላሉ አንድ እየዘለሉ ሦስት ድምፅ አብረው ሲመቱ ኮርድ ይሆናል። የእንግዳው መሰላል ደረጃ ግን አንዱ ጠባብ፣ አንዱ ሰፊ ስለሆነ፣ የሚወጣው ኮርድ አንዳንዴ ስም እንኳ የለውም።

ልጅቷ ፒያኖውን መታች። ደስ ሲል! ልብን አንጠልጥሎ ይተዋል።

«ባለሽበት!» አሉ ሰብሳቢው። «ስሙ ማነው?»

«ስም የለውም፣ መምህር።»

«ስም የሌለው ኮርድ በዚህ አዳራሽ ተሰምቶ አያውቅም። ስም እስክናወጣለት ጣትሽን እንዳታነሺ።»

«ልጄ፣ ድምፁ እኮ ጠፍቷል» አልኳቸው።

«ድምፁ ቢጠፋም፣ እናቴ፣ ጉዳዩ እንዳለ ነው።»

እንዲህ ያለ ብስለት የት ይገኛል?

ኮሚቴው ወደ ውይይት ገባ። አንዱ መምህር «ያዘነ ኮርድ» ይባል አሉ።

«ይሄ ያኮረፈ እንጂ ያዘነ አይደለም» አሉ ሌላው።

«በምን አወቅህ?»

«ኩርፊያን እኔን ጠይቀኝ። ባለትዳር ነኝ።»

ክርክሩ ጦፈ። ልጅቷ ጣቷን ከፒያኖው ሳታነሣ ብትቆይ አላስችል ብሎኝ ሄድኩና ሹራቡን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጌ ውሃ በአፏ አጠጣኋት።

«እማማ፣ በናትሽ ተቀመጪ። ሰው እያየን ነው።»

«ይየን! ጣትሽ ደርቆ ቢቀር ኮሚቴው ሌላ ይተክልልሻል?»

በመጨረሻ «ያኮረፈ ኮርድ» በአብላጫ ድምፅ ጸደቀ። ሰብሳቢው ኮርዱ ከዛሬ ጀምሮ በይፋ የታወቀ መሆኑን አበሰሩ፤ አዳራሹም በጭብጨባ ተናወጠ። ልጅቷ ጣቷን አነሣች። እኔም እልል ልል አፌን ከፈትኩ።

«አለፈች ማለት ነው?»

«ወድቃለች፣ እናቴ።»

«ኧረ በምን ጥፋቷ?»

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አውልቀው በሐዘኔታ አዩኝ።

«ጥያቄው የጠየቀው ማንም የማያውቀውን ኮርድ ነበር። ይሄንን ግን እንደሚያዩት ሁላችንም እናውቀዋለን።»