እትዬ ኡሙልኸይር ያላነጠፉበት ቤት

በየሰፈሩ በሰው መሳቢያ ወረቀት የሚያነጥፍ አንድ አንጣፊ አለ። ይህን የማያምን የባሕር ዳር ሰው ገና አዲስ ቤት አልገባም ማለት ነው። አንጣፊ ከዕቃህ ቀድሞ ይደርሳል። እንኳን ደስ ያለህ ሳይል ወደ ወጥ ቤት ያልፋል፤ መሳቢያውን ይስባል፤ አንገቱን አስግጎ ያሸታል፤ ከዚያ ሬሳ እንዳገኘ ሰው "ውይ! ራቁቱን ነው!" ብሎ ይጮኻል። የእኛ ሰፈር አንጣፊ፣ የመደርደሪያዎች ሁሉ የበላይ ጠባቂ፣ የመሳቢያዎች ሞግዚት፣ ክብርት እትዬ ኡሙልኸይር ናቸው።

ስለ ሰው ማውራት ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ሁለት ጊዜ ለንስሐ አባቴ ቃል ገብቼ ሁለቱንም ጊዜ ከደጃቸው ሳልርቅ አፍርሻለሁ። የእትዬ ነገር ግን በዝምታ የሚታለፍ አይደለም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰውን መሳቢያ ሲያነጥፉ የኖሩት ሴት፣ ራሳቸው አዲስ ቤት ገብተው አራተኛ ወራቸውን እስኪይዙ አንዲት ቅዳጅ ወረቀት አላነጠፉም ነበር። ሳህናቸው ካርቶን ውስጥ ነበር። ልብሳቸው ሻንጣ ውስጥ ነበር።

ምክንያቱ ልጃቸው ሂሻም ነው። ሂሻም ካቻምና እህል ላመጣ ብሎ በጀልባ ወደ ደልጊ ተሻገረ። ደልጊ ላይ ከጀልባ ሲወርድ ያዩት አሉ፤ ከዚያ ወዲህ ያየው የለም። በመተማ አድርጎ ሱዳን ገባ የሚል አለ፤ ሌላም ሌላም የሚል አለ፤ ሌላውን እትዬ ፊት የሚናገር የለም። ልጁ የሚያውቀው በሐይቁ ዳር የነበረውን የአሮጌውን ቤት በር ነው። ያ ሰፈር መንገድ ሊሰፋ ሲነሣ በሩም ተነሣ፤ ጎረቤቱም ተበተነ። ስልክ እንዳይደውል የእናቱን ቁጥር "እማ" ብሎ መዘገበው እንጂ በቃሉ አልያዘውም። በዚህ ዘመን የእናቱን ቁጥር በቃሉ የያዘ ማን አለ? ስልኩ ከጠፋ እናቱም ጠፋች። እና እትዬ በልባቸው ገና አልገቡም ነበር። ያነጠፉ ዕለት ገቡ ማለት ነዋ።

ሴትዮዋን የማያውቅ ሰው ይህ ቀላል ይመስለዋል። ስለዚህ ማን እንደሆኑ ልንገራችሁ።

እኔና ባለቤቴ የሺመቤት ከአሥራ አንድ ዓመት ኪራይ በኋላ ዓምና ሁለት ክፍል ቤት ሠርተን ገባን። ፍራሹ ገና ከጋሪ ሳይወርድ እትዬ የተጠቀለለ ባለ አበባ ሙሻማ በብብታቸው ይዘው፣ የጋዜጣ ቁልል አሸክመው በሩ ላይ ቆመዋል። እኔ ደግሞ ላለማንጠፍ ምያለሁ። ያን የሚያብለጨልጭ እንጨት ያሠራሁት ሰው እንዲያየው ነው፤ ጋዜጣ ሊለብስ ነው እንዴ?

"እትዬ፣ አናጢው አስናቀ አታንጥፉ ብሏል። ከወረቀቱ ሥር በረሮ ይፈለፈላል፤ እርጥበትም ይይዛል ብሏል" አልኋቸው።

"አስናቀ ሳህን አጥቦ ያውቃል?"

"አያውቅም።"

"እንግዲያ እሱ ስለ በር ያውራ።"

ክርክሩ በዚህ አለቀ። ለነገሩ የሳቸው ሃይማኖት ከእንጨት የመጣ አይደለም፤ ከደንገል ነው። ሟቹ ባላቸው አብዱልከሪም ታንኳ ሠሪ ነበሩ። "አብዱልከሪም፣ አላህ ይዘንለትና፣ ታንኳውን ሠርቶ ሲጨርስ ከጭነቱ በፊት ደረቅ ደንገል ይጎዘጉዝበታል" ይላሉ። "ሳይጎዘጎዝ የተጫነ እህል ጎርጎራ ሲደርስ ቡቃያ ሆኖ ነው የሚደርሰው። ቤትም ያው ታንኳ ነው። ሳይነጠፍ አይቀመጥም!"

ሳይነጠፍ አይቀመጥም። ይህን ቃል ሰፈሩ ውስጥ ያልሰማ ድመት የለም።

ሙሻማው ለላይኛው መደርደሪያ ነው፤ ለመሳቢያው ጋዜጣ ነው። ጋዜጣው ደግሞ ሕግ አለው። እትዬ የቁርአኑን ፊደል ይለያሉ፤ የአማርኛውን አልተማሩም። ስለዚህ እያንዳንዱ ገጽ ከመነጠፉ በፊት ጮክ ተብሎ ይነበብላቸዋል። የአላህ ስም ካለበት ሳህን አይቀመጥበትም፤ ይውደቅ። የእኛ መላእክት ሥዕል ካለበትም ይውደቅ፤ "የእናንተን መላእክት ድስት አሸክሜ ከማን ልጣላ?" ይላሉ። ጦርነት ካለበት ስኒ ይሰነጥቃል፤ ይውደቅ። ሞት ካለበት ማንኪያ አይተኛበትም።

የአገራችንን ጋዜጣ ታውቁታላችሁ። ያን ቀን ከስምንት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እንደ ዲያቆን ቆሜ አነበብሁ፤ እሳቸው ዐይናቸውን ጨፍነው "ይለፍ"፣ "ይውደቅ" ይላሉ። ከዚያ ሁሉ ቁልል ፈተናውን ያለፈው የጨረታ ማስታወቂያና የሎተሪ ዕጣ ብቻ ሆነ። ይኸው እስከ ዛሬ ማንኪያ ባነሣሁ ቁጥር "ያገለገሉ የመኪና ጎማዎችን በግልጽ ጨረታ" የሚል ከሥሩ ብቅ ይልብኛል።

አንዱን ዓይነት ብቻ ቶሎ አልጣሉትም። የሐዘን ማስታወቂያ ሲመጣ ዐይናቸውን ይገልጡና "ዕድሜው ስንት ይላል?" ይላሉ። ሰባ ሁለት ስላቸው ይተነፍሱና "ይውደቅ" ይላሉ። አንዱ ሃያ ስድስት ነበር፤ የሂሻም እኩያ። እኔ ስልሳ ሁለት ብዬ አነበብሁት። በሕይወቴ ከዋሸሁት ሁሉ የማልጸጸትበት እሱን ነው።

የባንክ ኃላፊው አቶ መልካሙ በብልጠት ሊያመልጣቸው ሞክሮ ነበር። ቁም ሳጥኑ ከቱርክ የመጣ ነው፣ ወረቀት አይፈልግም ብሎ በሩን ዘጋባቸው። እትዬ አልተቆጡም። አማቱ ከፍኖተ ሰላም እስኪመጡ ሁለት ሳምንት ጠበቁና፣ "ልጅዎ ልብሷን ራቁት ሣንቃ ላይ ነው የምታስቀምጠው፤ እኔ የለሁበትም" ብለው ሹክ አሏቸው። አቶ መልካሙ ማታ ከሥራ ሲመለስ ካልሲው ሳይቀር በባለ አበባ ሙሻማ ላይ ተጋድሞ አገኘው። ሰውዬው እስከ ዛሬ እትዬን ሲያይ መንገድ ይቀይራል። እንዲህ መንገድ የሚቀይር ሰው በዚህ ከተማ ብዙ ነው።

እኚህ ሴት ናቸው እንግዲህ የራሳቸውን መሳቢያ ያልሳቡት።

በነሐሴ መጀመሪያ ልጃቸው ናኢማ ደወለችልኝ። ኮሌጅ ታስተምራለች፤ አዲሱን ቤት የተከራየችላቸው እሷ ናት። "ጋሼ አምሐ፣ እባክህ እማን አንድ በላት። በየቀኑ ትወጣለች። አሮጌው ቤት የነበረበት ቦታ ሄዳ፣ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ድንጋይ ላይ ትቀመጣለች። በዚህ ዝናብ! ሳሉ ደረቷ ገብቷል፤ ሐኪሙ ከቤት አትውጪ ቢላት እንቢ አለች። ልቀብራት ነው እንዴ?"

ሄድሁ። ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ መስኮቱ ሐይቁን አያሳይም፤ የሌላ ፎቅ ጀርባ ነው የሚያሳየው። እትዬ የታሸገ ካርቶን ላይ ተቀምጠዋል፤ ነጠላ ጫማቸው ጭቃ ነው። ወጥ ቤቱን ሰረቅ አድርጌ አየሁት። መደርደሪያው ባዶ፣ አቧራ የጠጣ።

"እትዬ፣ መሳቢያዎ ራቁቱን ነው" አልሁ፣ ልቀልድ ብዬ።

"ይሁን።"

"ሳይነጠፍ አይቀመጥም አላሉም?"

"አልተቀመጥሁማ!" አሉና ሳሉ። ሳሉ ሲለቃቸው ድምፃቸው ቀጥኖ ወጣ። "አንተ ልጅ፣ ሂሻም መጥቶ ቢያንኳኳ በሩ የለም። ግድግዳው የለም። አስፋልት ነው። አስፋልት ይንኳኳል? እዚህ ሳህኔን ደርድሬ ስቀመጥ፣ እሱ እዚያ ቆሞ ማንን ይጠይቅ?"

እኔ መልስ ሳጣ ይህ ሁለተኛዬ ነው፤ የመጀመሪያው የሺመቤት "ትወደኛለህ?" ያለችኝ ዕለት ነበር።

ቤቴ ገብቼ አሰብሁ። ትምህርቴ ወሬ ነው። የተማርሁት ከእናቴና ከጎረቤቶቿ እግር ሥር ቁጭ ብዬ፣ ሽምብራ እየቆረጠምሁ ነው። ከዚያ ትምህርት ቤት አንድ ነገር ይዤ ወጥቻለሁ፦ ደግ ወሬ እግር የለውም። "እትዬ ኡሙልኸይር ቤት ቀይረዋል" ብትል ከዓሣ ገበያው አጥር አይዘልም። ነውር ግን ሐይቅ ይሻገራል። እንግዲያ ነውሩ አድራሻውን አዝሎ ይሂድ አልሁ።

ወደ ጀልባ ማቆሚያው ወረድሁ። ዓሣ ከሚያራግፉት መሐል ገብቼ፣ "ሰማችሁ? ያቺ የሰው መሳቢያ ስትበረብር የኖረች ኡሙልኸይር የራሷ ራቁቱን ነው!" አልሁ። "አላመናችሁም? ሂዱና እዩ! ከአዲሱ መንገድ በላይ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ አረንጓዴ በር!"

የሠላሳ ዓመት ቂም ያለበት ከተማ ነው። ወሬዬን እንደ ቆሎ ተካፈሉት። በሦስተኛው ቀን ወደ እኔው ተመልሶ ሲመጣ ጭራና ቀንድ አብቅሎ ነበር። የሺመቤት ሰምታ አኮረፈችኝ። "የልጅ ሐዘን አንሷቸው አንተ ደግሞ መሳቂያ ታደርጋቸዋለህ? ምን ዓይነት አረመኔ ነህ?" አለችኝ። ላስረዳት አልቻልሁም። እውነት ለመናገር እኔም ፈርቼ ነበር። ወሬው ልጁን ሳያገኝ እናቱን ብቻ አዋርዶ ቢቀርስ?

ጳጉሜን ላይ፣ ለሳላቸው ማር ይዤ እሳቸው ዘንድ ተቀምጬ ሳለሁ በሩ ተንኳኳ። የደረቀ ዓሣ የሞላ ዘንቢል ያንጠለጠለች፣ ጎልማሳ ሴት ናት።

"አሰላሙ ዐለይኩም። ሸሪፋ እባላለሁ፤ የደልጊ ዓሣ ነጋዴ ነኝ። ኡሙልኸይር የሚባሉት እርስዎ ነዎት?"

"ወዐለይኩሙሰላም። ነኝ፤ ምነው?"

ሸሪፋ ሰተት ብላ ወጥ ቤት ገባችና መሳቢያውን ሳበችው። "ያ ረቢ! እውነት ነው! ባዶ ሣንቃ! እኔኮ ወንዶቹ ሲቀጥፉ ነው ብዬ፣ በዐይኔ ሳላይ አልመለስም ብዬ ነው የመጣሁት።"

እትዬ ከካርቶኑ ላይ ተነሡ። ፊታቸው ጠቆረ። "ማነው እንዲህ ያለሽ?"

"ማን ያላለ አለ! ጀልበኛው ይላል፣ እህል ነጋዴው ይላል። ቆላ ድባ ገበያ ሳይቀር እየተሳቀ ነው።"

"የኔን ቤትስ ማን አሳየሽ?"

"ማን ያሳየኛል? ከአዲሱ መንገድ በላይ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ አረንጓዴ በር። ደልጊ ልጅ አዋቂው ያውቀዋል እኮ!"

እትዬ የቁጣቸውን ቃል ጀምረው ነበር፤ አፋቸው ላይ ቀረ። ዘወር ብለው በራቸውን አዩት። አራት ወር ሲገቡ ሲወጡበት ቀለሙን ያዩት ያን ቀን ይመስለኛል። ሄደው በመዳፋቸው ዳሰሱት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"አንተ ነህ።"

"እኔ ምን..."

"አንተ ነህ! እንዲህ ያለ ክፉ ምላስ በዚህ ሐይቅ ዳር ሁለት አልተፈጠረም።"

አንገቴን ደፋሁ። ስድቡን ጠበቅሁ። አልመጣም። ቀና ስል እትዬ በሻሻቸው ጫፍ ዐይናቸውን እየጠረጉ ነው።

"ጎርጎራስ ሰምቷል?" አሉ ሸሪፋን።

"ጎርጎራን እንጃ፤ እነሱ የጎንደር ወሬ ይበዛባቸዋል።"

"እ..." አሉና እጅጌያቸውን ጠቀለሉ። "ተነሥ እንግዲህ፤ ምን ይጎልትሃል? መቀስ አምጣ" አሉኝ። ያን ቀን እስከ መግሪብ ሶላት አነጠፍን። ለካሁ፤ አጠበብሁት፤ ቆረጥሁ፤ አጣመምሁት። "እጅህ እንደ ምላስህ ቢሰላ ኖሮ የት በደረስህ!" እያሉ እጄን በማስመሪያው ሲመቱኝ ዋሉ። ሸሪፋ እየሳቀች ሳህን ታቀብላለች። ናኢማ ከሥራ ስትመለስ በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

ሂሻም እስካሁን አልመጣም። ይመጣል ብዬ የምምልላችሁ ሰው አይደለሁም፤ መሐላዬንም ታውቁታላችሁ። እትዬ ግን አስፋልቱ ጠርዝ መቀመጥ ትተዋል፤ ሳሉም ቀንሷል።

እኔ እሑድ በጎርጎራው ጀልባ እሄዳለሁ። ወሬውን ለዚያ አገር በሚመጥን መልኩ ትንሽ አብሼዋለሁ፤ መሳቢያው ራቁቱን ብቻ ሳይሆን ዶሮ የሚያህል በረሮ እንቁላሉን ታቅፎበታል ብያለሁ። የበሩን ቀለም ግን አልነካሁትም።