ኳሷ ለምን ትታጠፋለች?

ሳይገባኝ «ገባኝ» የምል ሞኝ ነኝ። እናንተም ዘንድ እንደኔ ያለ አይጠፋም፤ ቅዳሴውም ገባው፣ አዋጁም ገባው፣ ሲጠይቁት ግን ሳል ይይዘዋል።

በጃንሆይ ጊዜ ሰቆጣ የሚያስተምር አንድ መምህር፣ አዲስ አበባ ሄዶ ቦውሊንግ የሚባል ጨዋታ አይቶ መጣ። ከባድ ኳስ በወለል ላይ አንከባሎ ጫፍ ላይ የቆሙ እንጨቶችን መጣል ነው አሉ። ያገኘኝ ደጄ ያለውን አውድማ በእበት ስለቀልቅ ነው፤ ለማግስቱ ገብሴን የሚወቃ ደቦ ጠርቻለሁ።

«ወለሉ ዘይት ተቀብቷል» አለኝ። «ኳሷን እንደ እንዝርት አሹረው ሲለቋት መጀመሪያ እየተንሸራተተች ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ደረቁ ጋ ስትደርስ ወለሉ ይይዛትና ወደሾረችበት ትታጠፋለች። ገባዎት ጋሼ?»

«ገባኝ!»

የምትሾር ከሆነ ለምን ቀጥ ብላ ትሄዳለች? ቀጥ ብላ ከሄደችስ ኋላ ለምን ትታጠፋለች? እኔ እንጃ!

አውድማዬም ወዲህ እርጥብ፣ ወዲያ ደረቅ ነበር። መምህሩ «እንሞክረው» አለኝና ጫፉ ላይ በግራ በኩል ሦስት እንጨት አቆምን። በቀኝ በኩል የደቦው ጠላ በጋን ተቀምጧል። ድብልብል ድንጋይ አንስቼ፣ እጄን እንደመጣልኝ ጠምዝዤ ለቀቅሁት። እርጥቡ ላይ እንደ ተመከረ ልጅ ቀጥ ብሎ ሄደ። ደረቁ ላይ ሲደርስ ታጠፈ፤ ወደ ቀኝ! ጋኑ ለሁለት ተከፈለ።

መምህሩ በደስታ ዘለለ። «አዩልኝ? ልክ እንዳልኩዎት!»

እኔ የማስበው ያለ ጠላ ማን ደቦ እንደሚመጣልኝ ነው። ባለቤቴ ጠላውን ከጠጣው መሬት ላይ የጋኑን ስባሪ እየለቀመች፣

«ድንጋዩስ ገብቶታል» አለችኝ። «ነገ ገብሱን ከእሱ ጋር ትወቃላችሁ።»