የጋሽ ዘርአጽዮን ማሽን

በየሰፈሩ አንድ ሐኪም ያልሆነ ሐኪም አይጠፋም። የሕክምና ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠም፤ ጎረቤት ሲታመም ግን መጀመሪያ የሚጠራው እሱ ነው። ከቦሌ መድኃኔዓለም ወረድ ብሎ ባለው ሰፈር ይህን ከፍተኛ ሥልጣን የያዙት ከመዝገብ ቤት ጡረታ የወጡት ክቡር ጋሽ ዘርአጽዮን ነበሩ። የሹመታቸው ምንጭ ወንድማቸው ከምሥራቅ ጀርመን የላከላቸው የደም ግፊት መለኪያ ነው፦ ክንድ ላይ የሚጠመጠም ጨርቅ፣ የሚጨመቅ ጎማ፣ ማዳመጫ፣ ሰዓት የመሰለች ባለ ጠቋሚ ነገር።

"ማሽን አይዋሽም!" ይላሉ፣ ከረባታቸውን እያስተካከሉ።

ማሽኑ ሰፈሩን ከዳር እስከ ዳር በሽተኛ አደረገው። እሁድ ከቀበሌ ስብሰባ መልስ ሕዝቡ በራቸው ላይ ይሰለፋል። ሦስት ሰዓት ሙሉ ንግግር ሲሰማ ያረፈደ ሰው ግፊቱ ስንት እንደሚሆን እንግዲህ መገመት ነው። ሊቀመንበሩ ራሳቸው "ጓድ፣ ጨውም ንግግርም ይቀንሱ" ተብለው ተሸኝተዋል።

ሴት ሲለኩ ደግሞ ጨዋነታቸው ወሰን የለውም። "ክንድ ማጋለጥ አያስፈልግም፣ እመቤቴ" ይሉና ከሹራብ በላይ፣ ብርድ ከሆነም ከነጠላ በላይ ይጠመጥማሉ።

እትዬ ምንትዋብ እጃቸው ላይ የወደቁት የልጃቸው የአዝመራ ሠርግ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ነው። አዝመራ አባቷ ከሞተ ወዲህ ብቻቸውን ያሳደጓት አንድ ልጅ ናት። ለዚያ ቀን የነበራቸው ዕቅድም አንድ ብቻ ነው፤ እግራቸው እስኪዝል መጨፈር።

"መቶ ስድሳ!" አሉ ጋሽ ዘርአጽዮን። "ጨው የለም። ጠላ የለም። ጭፈራማ አይታሰብም።"

"ጋሼ! የልጄን ሠርግ ቁጭ ብዬ ላየው ነው?"

"ቁጭ ብሎ ማየት ተኝቶ ካለማየት ይሻላል።"

እትዬ ምንትዋብ ሁለት ሳምንት ጨው የሌለው አልጫ በሉ። ለሠርጉ ቅመም ሊገዙ ሾላ ገበያ ሲሄዱ እንኳ ጨው ሻጯን ዞር ብለው አላዩዋትም። በመጨረሻ ግን "የምከለከል ከሆነም እውነተኛ ሐኪም ይከልክለኝ" ብለው ወደ ጤና ጣቢያ ተነሡ። ጋሽ ዘርአጽዮን ማሽናቸውን በካኪ ወረቀት ጠቅልለው ተከተሏቸው። "ነርሷ ብትሳሳት ማረሚያ ያስፈልጋል።"

ነርሷ ሲስተር ሶሬቲ ሹራቡን አስወለቀች፤ እትዬን ለጥቂት ደቂቃ ዝም ብለው እንዲያርፉ አደረገች፤ ከዚያ ለካች።

"መቶ ሃያ አምስት በሰማንያ። ምንም የለብዎትም፣ እማማ።"

"በኔም ማሽን ይሞከር!" አሉ ጋሽ ዘርአጽዮን፣ ካኪውን እየፈቱ።

ሶሬቲ ማሽኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ትኩር ብላ አየችው። "አባባ፣ ይህ እኮ ማንም ክንድ ላይ ሳይታሰር ሃያ ያሳያል። ዜሮ ላይ መቆም ነበረበት።"

"እንግዲያው ጠረጴዛውም ጨው ይቀንሳላ!" አሉ እትዬ ምንትዋብ፣ በሳቅ እየተንፈራፈሩ።

ጋሽ ዘርአጽዮን ማሽናቸውን መልሰው በካኪው ጠቅልለው ወደ ሰፈር ተመለሱ። እትዬ ግን ወሬውን ለየትኛዋ ጎረቤት እንደሚያስቀድሙ፣ የቱ ላይ ድምፃቸውን ከፍ እንደሚያደርጉ እያሰቡ ነበር የገቡት።

በማግስቱ ጠዋት አጥሩን አሻግሮ፣ ከጎረቤት በር፣ እትዬ የሚያውቁት ድምፅ መጣ።

"ይቅርታ፣ ማሽኔ ሃያ ጨምሮብዎታል። ሹራቡም የራሱን ጨምሯል። ጤና ጣቢያ ሄደው ይለኩ። ተሳስቻለሁ።"

ከዚያ ቀጣዩ በር ተንኳኳ። ከዚያ ሌላው። ሠላሳ ስምንት ቤት፣ በከረባት፣ የሊቀመንበሩንም ሳይዘሉ። በዕድሜያቸው አንድ ጊዜ እንኳ "ተሳስቻለሁ" ሲሉ ያልተሰሙ ሰው፣ በአንድ ጠዋት ሠላሳ ስምንት ጊዜ አሉት። እትዬ ምንትዋብ ያዘጋጁትን ወሬ ለማንም አላወሩም።

ሰዓት እላፊ ስለነበር ድግሱ በቀን ሆነ፤ እትዬም ከሙሽራዋ በላይ ጨፈሩ። ጋሽ ዘርአጽዮን ያለ ማሽናቸው እጃቸውን የት እንደሚያኖሩት ጠፍቷቸው፣ ጥግ ይዘው ተቀምጠዋል። እትዬ ፊታቸው ቆመው ክንዳቸውን ዘረጉላቸው።

"ምነው፣ ልለካዎት?" አሉ ደንገጥ ብለው።

"ምን መለካት! ተነሡ እንጂ!"

ጎትተው አስነሷቸው። ለካ እኚህ ሰው ጭፈራ የሚባል አያውቁም፤ ትከሻቸው ከከበሮው ሁለት ምት ዘግይቶ ይነቃነቃል። ልጃገረዶቹ መንሾካሾክ ሲጀምሩ፣ እትዬ ምንትዋብ ጭፈራቸውን ሳያቋርጡ ዞር አሉና ነጠላቸውን ዘርግተው ጋሽ ዘርአጽዮንን ከዓይናቸው ጋረዷቸው።