ገባኝ ባዩ ሹምና የትምህርት ቤታችን ደረጃ

ፊደል የቆጠርኩት በራሴ ነው፤ በአገሬ በአምበር ዙሪያ በአንደበት የሚስተካከለኝ ሽማግሌ ካለ ይምጣና ይሞግተኝ። ለመሆኑ አንባቢዎቼ፣ ነገር ሳያልቅ «ገባኝ!» የሚል ሹም ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ገጥሞኛል።

የቀበሌያችን ትምህርት ቤት ድሮ አንድ የጭቃ ክፍል ነበር፤ አድጎ አድጎ ስድስተኛ ላይ ቆመ። ሰባተኛ ያለው ከወንዝ ማዶ ስለሆነ ሴት ልጆቻችን ስድስተኛን ሲጨርሱ ቤት ይቀራሉ። ዘንድሮ ተራው የልጅ ልጄ የየሺ ነበር። ስብሰባ ላይ ተነስቼ፣ «የትምህርት ቤታችን ደረጃ ከፍ ይበልልን፤ ልጆቹ…» ስል፣ የወረዳው የትምህርት ኃላፊ «ገባኝ አባቴ፣ ይቀመጡ!» አለኝ።

ብዙም ሳይቆይ ግንበኛ መጣና የትምህርት ቤቱ በር ፊት ሰፊ የሲሚንቶ ደረጃ ሠርቶ ሄደ።

ጎረቤቴ፣ «አያ ታደለ፣ ደረጃህ ከፍ አለልህ!» ብሎ ሳቀብኝ። እኔ ግን ኃላፊው ሊመርቅ የመጣ ዕለት ስድስተኛን የጨረሱትን ሁሉ ደረጃው ላይ ደረደርኳቸው።

«እነዚህ ምንድን ናቸው?» አለኝ።

«ሰባተኛ ክፍል ናቸዋ! ደረጃቸው ላይ ተቀምጠው አስተማሪ ይጠብቃሉ።»

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ኃላፊው ይህን ጊዜ «ገባኝ» ሳይል ነገሬን እስከ መጨረሻው ሰማኝ፤ መስከረም ላይ የሰባተኛ ክፍል አስተማሪው መጣ።

እንግዲህ ሥራዬን ልቁጠርላችሁ፦ ደረጃ አሠራሁ፤ ሰባተኛ ክፍል አስከፈትኩ፤ የሺን ቤት ከመቅረት አዳንኩ፤ አንድ ሹም ደግሞ ነገር እስኪያልቅ መስማት አስተማርኩ።