በሰላምታ የሚለካ ኑሮ

እናንተ ሰፈር የውጭ አገር ኑሮ በምን እንደሚለካ አላውቅም። እኛ ጅማ፣ ጅሬን ግን የሚለካው በሰላምታ ርዝመት ነው። ሳቃችሁ አይደል? ቆይ፣ ልንገራችሁ።

ታላቅ እህቴ ዘሃራ ለሐጅ ከሄዱ ዘመዶች ጋር ሄዳ ጅዳ ቀረች። ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ደብዳቤዋን የማነበው እኔ ነኝ፤ ስድስተኛን ጨርሻለሁ። እማዬ ፊደል አልቆጠረችም። ደብዳቤ መጣ ከተባለ ቤታችን በጎረቤት ይሞላል፤ እኔ ደግሞ ሰው ፊት ድምፄ አይወጣም። ስለዚህ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ነው የማነበው።

በመጀመሪያው ደብዳቤ ዘሃራ «ለሁላችሁም ሰላም» ብላ አለፈች። ጎረቤታችን አዴ ከድጃ ወዲያው፣ «እኔንስ? በስሜ አልጠራችኝም?» አሉ። በእናታችሁ፣ እሳቸውን «አልጠራችዎትም» ማለት ይቻላል? «ጠርታዎታለች፣ አዴ» አልኩ ለግድግዳው። እሳቸው ተጠርተው ሌሎቹ ሊቀሩ ነው? ሁሉንም አንድ በአንድ ጠራኋቸው። ደግሞ በኦሮምኛ ሰላምታ ሰው ላይ አያበቃም፤ ከብቱም ይጠየቃል። የአዴ ከድጃንም ላም ደህና ናት ወይ አልኩ።

ዘሃራ የጻፈችውን ግን ዘለልኩት። አሥራ አንድ ክፍል እንደምትወለውል፣ ምሳዋን ቆማ እንደምትበላ ነበር የጻፈችው። እማዬ እንዳታለቅስ ብዬ ነው። እንዲህ እንዲህ እያለ፣ በየደብዳቤው ሰላምታው ሲረዝም ሥራው እየጠፋ ሄደ።

አንድ ቀን አዴ ከድጃ፣ «ወላሂ፣ ይቺ ልጅ ተመችቷታል» አሉ። ሥራ የበዛበት ሰው የሰው ላም አይጠይቅም አሉ። ሁሉም እውነት ነው አለ። እማዬ አሰበች። አስባ አስባ፣ አጋሮ ያሉት አጎቴ ለሐጅ ሲሄዱ እኔንም ይዘውኝ እንዲሄዱ ወሰነች። ፎቶ ተነሳሁ። ቀሚስ ተሰፋልኝ። እኔ መሄድ አልፈልግም። ግን ምን ልበል? ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ ልበል?

ያዳነኝ መሠረተ ትምህርት ነው። አዴ ከድጃ ቀበሌ ሄደው ተምረው የምስክር ወረቀት ተቀብለው ነበር። ቀጣዩ ደብዳቤ ሲመጣ ከእጄ ነጠቁኝ። «አምጪው እስቲ! የተማርኩት ለመቼ ነው?» ብለው ጀመሩ። «አ... ሥ... ራ... አንድ... ክፍል...» እኔ ግድግዳዬን አየሁ። እስከ መጨረሻው አነበቡት። ገልብጠው ጀርባውንም ፈለጉ።

«እኔ የታለሁ?» አሉ።

አለቀልኝ አልኩ። እነሱ ግን እኔን አልጠረጠሩኝም። እስከ ዛሬ ስትጠራን ቆይታ አሁን ረሳችን ብለው የተቆጡት በዘሃራ ነው። ስለ አሥራ አንዱ ክፍል ያነሳ የለም። እማዬም «እንዲህ ሰው የሚያስረሳ አገር ሁለተኛ ልጅ አልክም» አለች። ቀሚሱ ሳጥን ገባ። ጎረቤቶችሽን ረሳሽ ብለሽ ጻፊላት ተባልኩ፤ ጻፍኩ።

ከሁለት ወር በኋላ መልስ መጣ። ስምንት ገጽ! አዴ ከድጃ አነበቡ። ያልተጠራ ሰው የለም፤ እሷ ከሄደች በኋላ የሞቱ ሽማግሌ ሳይቀሩ ሰላም ተብለዋል። አዴ የራሳቸው ስም ጋ ሲደርሱ ሦስት ጊዜ ደገሙት። ከዚያ ደከማቸውና ወረቀቱን አስቀመጡት። «አልሐምዱሊላህ፣ ተመችቷታል» አሉ። እማዬ ቀሚሱን ልታወጣ ወደ ሳጥኑ ሄደች።

የመጨረሻዋን መስመር ያየሁት እኔ ነኝ። በዚያን ቀን ብቻ ፊቴን ወደ ሰው አዙሬ አነበብኩ፦ «ከሥራ አስወጥተውኛል። አንዲት ያገሬ ልጅ ጋ ተጠግቻለሁ። አሁን ጊዜ አለኝ።»

እማዬ ሳጥኑን መልሳ ዘጋችው። አንዴ ሰላምታ ስላጠረ፣ አንዴ ሰላምታ ስለረዘመ ከጉዞ የቀረ ሰው፣ እኔ እስከማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

እማዬ ወረቀት አምጪ አለችኝ። ጎረቤቱ ሁሉ «ሰላም በይልኝ» ሊል ተጠጋ፤ አዴ ከድጃ ከፊት ናቸው። እማዬ ግን፣ «ሰላምታው ይቅር። ‹ነይ› ብቻ በያት» አለች።

እንደ ልማዴ ትንሽ ልጨምርበት ፈልጌ ነበር። ሁለት ፊደል ላይ ምን ይጨመራል?