ተነስቶ የሄደው ቤት

ለማየት ሳይሆን ለማረም የሚወጣ እንግዳ ገጥሟችሁ አያውቅም? የኔ አለቃ፣ የመንደር ምሥረታው ካድሬ፣ እንደዚያ ነው። ከቆላው ከተማ ከሴቻ ተነስተን ደጋው ጨንቻ ገበያ ስንደርስ እኔ በጋቢዎቹ ስደነቅ፣ እሱ ጥለቱን «በዛ»፣ ተራራውን «ቀዘቀዘ» ይላል። ምን ይደረግ?

ዶርዜ መንደር ውስጥ ደግሞ ከቀርከሃ የተሠራ፣ ዝሆን የሚመስል የአንድ ሸማኔ ቤት አየ።

«አባባ፣ ቤትዎ ከአዲሱ መንደር መስመር ወጥቷል። ነገ ይፈርሳል!»

ሽማግሌው ልጆቻቸውን ሁሉ ያሳደጉበት ቤት ነው። እኔ ደነገጥኩ፤ እሳቸው ግን መወርወሪያቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ።

«ለምን ይፈርሳል ጓድ? ይሄዳል እንጂ።»

«ሰማሽ? ቤት ይሄዳል አሉ!» ብሎኝ ሳቀና ቤቱ ውስጥ ገብቶ በርጩማ ላይ ተቀመጠ።

መንደርተኛው ተጠራራ። የግድግዳውን እግር ከአፈር አላቀቁ፣ ዙሪያውን አጣና አሰሩ፣ እየዘፈኑም አነሱት። ፈጣሪ ምስክሬ ነው፣ ያን የሚያህል ቤት ጣሪያው ሳይዛነፍ በሰው እግር ሄደ! አፌን ከፍቼ ቀረሁ፤ እንባዬም መጣ። አለቃዬን ግን ቤቱ ከላዩ ተነስቶ ሲሄድ፣ ሜዳ ላይ፣ በርጩማው ላይ እንደተቀመጠ ፀሐይ መታው።

ሽማግሌው ቤቱ ካረፈበት ከአዲሱ መስመር ሆነው ተጣሩ፦

«ጓድ፣ ወደ ቤት ይግቡ እንጂ! በርጩማዋንም ይዘውልን ይምጡ።»

ተሸክሞ መጣ፤ ምንም ሳያርም።