በቀኝ እጅ የተጀመረ ሒስ

በብራህማፑትራ ወንዝ ዳርቻ ከተኮለኮሉት ከተሞች መካከል የኛዋ በሦስት ነገሮች ትታወቅ ነበር። ሁለቱን ጎርፍ ወስዷቸዋል። የቀረን አንድ ሐያሲ ነው።

ክቡር ዲምቤስዋር ካኒካር በቪሲዲ የሚወጡ ፊልሞችን እየመረመሩ «የወንዙ ድምፅ» በተባለው ሳምንታዊ ጋዜጣችን ላይ ፍርዳቸውን ይሰጣሉ። ሲኒማ ቤት የለንም፤ የነበረው የሩዝ መጋዘን ሆኗል። ስለዚህ ፊልም የሚታየው በየቤቱ ነው፤ የሚታየውም ካኒካር «እዩት» ካሉ ብቻ ነው። እኔ የዲስክ ፊልም ወዳጆች ማኅበር ጸሐፊ እንደመሆኔ ይህን ሥርዓት ሳስበው ደረቴ ይነፋል። ሰው ሁሉ የየራሱ አስተያየት ቢኖረው ኖሮ ማኅበር ለምን ያስፈልግ ነበር?

አሠራራቸውም ለትውልድ ሊተላለፍ የሚገባው ነው። አዲስ ፊልም ሲወጣ ሠሪው ዲስኩን በጋሞሳ፣ ማለትም ቀይ ጥለት ባለው የክብር ፎጣችን ጠቅልሎ በናስ ሰሃን ያቀርብላቸዋል። ሐያሲው እጃቸውን ይታጠባሉ፤ የሚያኝኩትን የታሙል ፍሬ በቅጠል ጠቅልለው ጉንጫቸው ውስጥ ይወትፋሉ፤ ከዚያ ማኅደሩን እንደ መጽሐፍ ይከፍቱታል። አንድ ፊልም በሁለት ዲስክ ስለሚከፈል አንዱ በግራ፣ ሌላው በቀኝ ተቀምጧል። ካኒካር ደግሞ በግራ የጀመሩት ነገር የለም። አባታቸውም በግራ ጀምረው አያውቁም። ቤት የሚገቡት በቀኝ እግር፣ ስጦታ የሚቀበሉት በቀኝ እጅ ነው፤ ዲስክም ሲያዩ የሚያስቀድሙት በቀኝ ያለውን ነው። ፊልሙ በግራው ተጀምሮ በቀኙ እንዲያልቅ የወሰኑት የፋብሪካ ሰዎች ናቸው፤ የፋብሪካ ደንብ ደግሞ የአባትን ደንብ አይሽርም።

ለዓመታት ይህን ማንም ልብ አላለም። የኛ ፊልም ዱላ፣ ዘፈን፣ እንደገና ዱላ፣ መጨረሻ ላይ ሠርግ ስለሆነ ከየትም ቢጀመር መንገድ አይጠፋም። ጣጣው የመጣው ቢፑል ቼቲያ የሚባል ወጣት ታሪክ ያለው ፊልም የሠራ ጊዜ ነው።

ፊልሙ «የእናት ታንኳ» ይባላል። አንዲት ባሏ የሞተባት ታንኳ ቀዛፊ ልጇን ብቻዋን ታሳድጋለች፤ አስተምራ ወደ ትልቁ ከተማ ትልከዋለች፤ ሲመለስ ግን በሞት አፋፍ ላይ ናት፤ እጁን እንደያዘች ታሸልባለች፤ በወንዙ ዳር እሳቱን የሚለኩስላትም እሱው ነው። የቢፑል እናት ታንኳ ቀዛፊ ነበረች፤ የሞተችውም ባለፈው ክረምት ነው። ፊልሙን የሠራውም ሰው ሁሉ አብሮት እንዲያለቅስላት ነበር። ይህ ከኪነ ጥበብ አኳያ ገና ያልበሰለ ዓላማ መሆኑን ማኅበራችን ተገንዝቦለታል።

የካኒካር ሒስ የወጣ ሳምንት ጋዜጣው በሽሚያ አለቀ። እንዲህ ይላል፦ «ፊልሙ ገና እኩሌታው ላይ ሬሳ ማቃጠያ ይደርሳል። እናቲቱ ነድዳ አመድ ትሆናለች። ተራ ሠሪ ቢሆን እዚህ ላይ ግራ በተጋባ ነበር። ቼቲያ ግን ሴትዮዋን ከአመዷ አስነስቶ ዓሣ ያስጠብሳታል! ልጁም ትምህርቱን ጨርሶ ሲያበቃ ይወለዳል። ከእንግዲህ ሞት በከተማችን ምን ሥልጣን አለው?»

ከተማው በአንድ እግሩ ቆመ። ሁሉም ከቀኝ ጀምሮ አየ። እሳቱ ሲለኮስ ልጆች «ቆዩ፣ አሁን ትነሳለች!» እያሉ ያጨበጭባሉ፤ ትልልቆቹም የኮኮናት ጣፋጫቸውን የሚያወጡት እዚያች ቦታ ላይ ነው። ቢፑል በሻይ ቤት በኩል ሲያልፍ በቴሌቪዥኑ የእናቱ ሬሳ ሲቃጠል ሰው አፉን ሞልቶ ሲስቅ አየ። በዚያው እግሩ ወደ ሐያሲው ቤት መጣ። እኔም ለማኅበሩ ጉዳይ እዚያው ነበርኩ።

«አጎቴ፣ ፊልሙን ከኋላው ነው ያዩት» አለ፣ ገና ሳይቀመጥ፤ እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ሁሉ አጎት ነው።

«ማነው እንዲህ ያለህ?»

«ማንም አላለኝም። የሠራሁት እኔ ነኝ።»

«መሥራቱንማ ሠርተኸዋል» አሉ ካኒካር በርኅራኄ። «እናትም ትወልዳለች። የልጁን ዕጣ የሚያውቀው ግን ኮከብ ቆጣሪው ነው።»

«በግራው ዲስክ ላይ እኮ ‹አንድ› ተብሎ ተጽፏል!»

«አይቼዋለሁ። ግሩም ምፀት ነው።»

«አጎቴ፣ እናቴ ናት። ሰው እየሳቀባት ነው።»

ካኒካር ታሙላቸውን ማኘክ አቆሙ። የልጁ ድምፅ ተሰብሮ ስለነበር እኔም ወለል ወለሉን አየሁ። ከዚያ ሐያሲው ትከሻውን ቸብ አደረጉት። «የራስህ ፊልም አልገባህም» አሉት። «አይዞህ፣ በአንተ አልተጀመረም።»

ሻይ ይዘው የገቡት ባለቤታቸው ወይዘሮ ሄማፕሮቫ አላስቻላቸውም።

«ምን አለበት አንድ ቀን በግራ ብትጀምር? ጣራው ይወድቅብሃል?»

«ይህ ጣራ እስከ ዛሬ የቆመው በምን ሆነና ነው?»

«በምሰሶ ነዋ!»

ካኒካር ሻያቸውን ጠጡ፣ በቀኝ እጃቸው። ወይዘሮ ሄማፕሮቫ ቢፑልን እስከ በር ሸኙትና «ስማኝ ልጄ» አሉት። «ይሄን ሰውዬ ከመቀየር ዲስክ መቀየር ይቀላል። እኔ ስንት ዘመን ሞክሬው! አንደኛውን በቀኝ በኩል አድርገው፣ በቃ።»

ምክሩ የሴት ምክር ስለሆነ ሠራ፤ ማለትም ችግር ፈጠረ። ለቢሁ በዓል ቢፑል ፊልሙን እንደገና አወጣው። አንደኛው ዲስክ በቀኝ ተቀመጠ፤ ሽፋኑ ላይም በትልልቅ ፊደል «እውነተኛው» ተብሎ ተጻፈ። ቢያማክረኝ ኖሮ እነግረው ነበር፤ በኛ ገበያ «እውነተኛው» ብሎ የሚምል ዲስክ ተሰርቆ የተባዛው ብቻ ነው። ባለቤቱማ ምን አስጨንቆት ይምላል?

ካኒካር እንደ ሥርዓታቸው ታጠቡ፣ ወተፉ፣ ከፈቱ፣ በቀኝ ጀመሩ። በዚያ ሳምንት የጻፉትን ሒስ ያነበበ ሁሉ ደሙ ፈላ፦

«ነውር ነው! አንድ የማያፍር ሌባ ‹የእናት ታንኳ›ን ሰርቆ አበላሽቶ ሠርቶታል። ተዋንያኑ እነዚያው፣ ታንኳዋ ያችው፣ ነጯ ፍየል እንኳ ሳትቀር ተሰርቃለች። ያልተሰረቀው ድፍረቱ ብቻ ነው። ልጁ ሳይማር ይወለዳል፤ እናቲቱም ሞታ በዚያው ትቀራለች። ይህንንማ በየቤታችን በነፃ እናየው የለም? ወጣቱ ቼቲያ ሆይ፣ ከጎንህ ነኝ!»

ማኅበሩ አስቸኳይ ስብሰባ ጠራ። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም» በሚል መሪ ቃል ተወያይቶ፣ የቢፑል ቼቲያን መብት ለማስከበር በሙሉ ድምፅ ወሰነ፤ ለፖሊስም አቤት አለ። ፖሊስ ሳይውል ሳያድር ወንጀለኛውን ዲስኩን ለሱቆች ሲያድል እጅ ከፍንጅ ያዘው። ወንጀለኛው ቢፑል ቼቲያ ነበር።

እኔ በከሳሽ ወኪልነት ጣቢያ ተገኘሁ። በቅርቡ ተዛውረው የመጡት ኢንስፔክተር ቦርታኩር ምርመራውን ራሳቸው መሩት።

«ይሄን ፊልም ያወጣኸው አንተ ነህ?»

«አዎ ጌታዬ፣ የኔ ነው።»

«ሌባ ሁሉ የኔ ነው ይላል። ስምህ?»

«ቢፑል ቼቲያ።»

ኢንስፔክተሩ የክሱን ወረቀት አዩ። «ፊልሙ የተሰረቀበትስ ሰው?»

«ቢፑል ቼቲያ።»

«ኧረ ጉድ!» ወደ እኔ ዞሩ። «ስሙን እንኳ አልተወለትም! ጸሐፊ፣ ይሄን ሰውዬ ታውቀዋለህ?»

«መልኩን አውቀዋለሁ» አልኩ፣ ኃላፊነት ተሰምቶኝ። «በማኅበሩ ውሳኔ መሠረት ግን ቢፑል ቼቲያ እንዲህ ያለ ሥራ አይሠራም።»

ቢፑል አልተከራከረም። «ጌታዬ፣ አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ» አለ። «ይዩት። ከመጀመሪያው ይዩት። ከዚያ የፈለጉትን ያድርጉኝ።»

ማስረጃ ሳይታይ አይፈረድምና የጣቢያው ቴሌቪዥን ተከፈተ። ኢንስፔክተሩ ጋዜጣ የሚያነቡ ሰው አይደሉም፤ የትኛው ዲስክ እንደሚቀድም ሲጠይቁም አንድ ኮንስታብል «አንድ የሚለው ነዋ ጌታዬ» አላቸው። እንዲህ ያለ ያልተማረ ሰው ነው ሕግ የሚያስከብርልን።

እናቲቱ ቀዘፈች። ጎርፍ መጣ፤ ልጇን ታንኳው ላይ አስራ እሷ ውኃው ውስጥ ሆና ገፋችው። አደገ፣ ሄደ፣ ዘገየ። በየምሽቱ ወንዙ ዳር እየወጣች መንገዱን ታያለች። ኮንስታብሎቹ አንድ በአንድ ከበሩ እየገቡ ቆሙ። እስረኞቹ ቴሌቪዥኑ ትንሽ ዞር እንዲልላቸው ለመኑ፤ ዞረላቸው። ልጁ ደረሰ፤ እናቲቱ እጁን ይዛ አሸለበች፤ እሳቱ ተለኮሰ። ያጨበጨበ የለም። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም እንዲሉ አንዱ ኮንስታብል በጋሞሳው ፊቱን ሸፈነ። የኔም ዐይን ውስጥ ጉድፍ ገባ፤ ማኅበሩ አቋም እስኪይዝበት ድረስ ጉድፍ ነው የምለው።

ቢፑል ቴሌቪዥኑን አላየም። ሲያይ የነበረው ሰዎቹን ነው። ሲያለቅሱለት አብሯቸው አለቀሰ፤ ፊቱ ግን ከእናቱ ሞት ወዲህ ያጣውን ዕረፍት አገኘ።

ኢንስፔክተሩ ቆባቸውን አወለቁ።

«እናቴን አየኋት» አሉ በመጨረሻ። «የተረገምኩ ነኝ፣ ስትሞት አልደረስኩላትም።»

«ይኸው ነበር ጌታዬ» አለ ቢፑል፣ እንባውን እየጠረገ። «የፈለግሁት ይኸው ብቻ ነበር።»

«እንዲህ ያለ ነገር የሠራ ሰው ልቡ ምን ያህል ቢያዝን ነው!» አሉ ኢንስፔክተሩ። ከዚያ ዐይናቸው ቀላ፤ ወደ ቢፑል ዞረው ጠረጴዛውን በቡጢ መቱት።

«አንተ ግን አታፍርም? ከእንዲህ ያለ ሰው ይሰረቃል? ግባ እዚያ!»

ኮንስታብሉ እያለቀሰ ቆለፈበት።